ቀዩ ጎርፍ ፎቶሾፕ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሌሊት ሹፌር ነኝ። ቲክቶክ ላይ የሞዛምቢክ ጎርፍ ነው የተባለ የሳተላይት ፎቶ አየሁ። መሬቱ ግራጫ ነው፣ ውሃው ግን ደም የመሰለ ቀይ። በኢዳይ አውሎ ነፋስ ሰሞን የተነሳ ነው ይላል። ያን ሰሞን ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ የለ እንዴ? ፎቶሾፕ ነው አይደል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ፎቶሾፕ አይደለም፤ ግን እኛ የምናውቀው ዓይነት ፎቶም አይደለም። ኢዳይ የቤይራን ወደብ የመታው መጋቢት 5 ቀን 2011 ሌሊት ነው (እኛ በዚያ ሳምንት የኢቲ 302 ሐዘን ላይ ስለነበርን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም)። ያየኸው ሰንቲኔል-1 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት መጋቢት 10 ያነሳውን ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሳተላይት የያዘው ካሜራ ሳይሆን ራዳር ነው። ፀሐይ አይጠብቅም። 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ የራሱን ሞገድ ወደ ጎን አዘንብሎ ወደ መሬት ይልክና የሚመለስለትን ይቀበላል። ደመናው አያግደውም፣ ቀንና ሌሊትም ለሱ አንድ ነው።

ቀሪውን ለሌሊት ሹፌር ማስረዳት ቀላል ነው። ዝናብ ሲጥል አስፋልቱ የመኪናህን መብራት የዋጠው ይመስልሃል አይደል? ብርሃኑ ውሃው ላይ ተንሸራቶ ወደ ፊት ስለሚሄድ ወደ ዓይንህ የሚመለሰው ትንሽ ነው፤ ደረቁ አስፋልት ግን ሻካራ ስለሆነ በየአቅጣጫው ይበትነውና ከፊሉ ወዳንተ ይመጣል። ራዳሩም እንዲሁ ነው፣ የተኛ ውሃ ጥቁር ሆኖ ይታየዋል። ባለሙያዎቹ የጎርፉን ምስል ከበፊቱ ጋር ያስተያዩና አዲስ የጠቆረውን ቀይ ይቀቡታል።

ታዲያ ቀይ ያልተቀባው ሁሉ ደረቅ ነው እንዳትል። ሰፈር ውስጥ ሞገዱ ከውሃው ነጥሮ ግድግዳ ይመታና ወደ መጣበት ይመለሳል፤ እናም ውሃ የገባበት ሰፈር ጭራሽ ደምቆ ሊታይ ይችላል። ደረቅ አሸዋ ደግሞ ውሃ መስሎ ይጠቁራል። ቀዩ የተንጣለለው በፑንግዌና በቡዚ ወንዞች ሜዳ ላይ ነው፤ ባሕሩ ብቻ ሳይሆን ከደጋው የወረደው ዝናብም ወንዞቹን ከአፋቸው አውጥቷቸው ነበር። የምስሉ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ቡዚ ላይ ጣሪያና ዛፍ ላይ ወጥተው እርዳታ ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች እዚያ ውስጥ አይታዩም። እነሱን ያገኟቸው በሄሊኮፕተርና በጀልባ ሲዞሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው።