ሲኩዌንሰር (የተዘጋጁ ትራኮችን የሚያጫውተው ፕሮግራም ወይም መሣሪያ) መድረክ ላይ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ትራኮቼን ኦዲዮ አድርጌ ልጫን ወይስ በሚዲ (ድምፁ ሳይሆን የኖታዎቹ ትእዛዝ በተቀመጠበት መልክ) እንዳሉ ይቆዩ?

መልስ፦ ኪዩም (የዘፈኑ የድምፅ ከፍታ) ቴምፖውም (ፍጥነቱ) የማይነካ ከሆነ ኦዲዮ ይሻላል፤ ኮምፒውተሩም አይጨናነቅም። ሚዲ የሚያስመሰግነው ዘፋኙ ሊወጣ ሲል «ጉሮሮዬ ተይዟል፣ ኪውን በግማሽ ድምፅ አውርዱልኝ» ያለ ቀን ነው። ኖታዎቹን መርጦ ዝቅ ማድረግ ነው፣ አለቀ። የድራሙን ትራክ ግን እንዳትነካው! በጄኔራል ሚዲ (መሣሪያዎች የሚጋሩት የድምፅ አቀማመጥ ስምምነት) ድራም ቻናል 10 ላይ ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ የኖታ ቁጥር ለአንድ መሣሪያ የተሰጠ ነው። 38 ስኔር (ከድራሙ ከበሮዎች አንዱ) ነው፤ በአንድ ካወረድከው 37 ይሆንና በስኔሩ ፋንታ ሳይድ ስቲክ (በትሩ የስኔሩን ጠርዝ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ) ቀጭ ቀጭ ሲል ትሰማለህ።

ጥያቄ፦ ዘፋኛችን ሕዝቡ ሲሞቅለት አዝማቹን ይደጋግማል፤ ሲኩዌንሰሩ ግን ጥሎን ይሄዳል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር ስለምታጫውቱት ነው። መግቢያ፣ ቨርስ፣ አዝማች፣ ሶሎ ብላችሁ ቆራርጡትና እያንዳንዱ ክፍል ቀጣዩ እስኪጠራ ራሱን ይድገም። ኤብልተን ላይቭ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሴሽን ቪው የሚባለው ገጽ ለዚህ ይመቻል። የማስጀመሪያውን ኳንታይዜሽን (ክፍሉ የሚገባበትን ልክ) አንድ ባር (አንድ የምት ዙር) ላይ አድርጉት፤ ያኔ ክፍሉን የሚጠራውን ፔዳል ትንሽ ቀድማችሁ ብትረግጡትም ቀጣዩ ክፍል የሚገባው ባሩ ሲሞላ ነው። ፔዳሉን ማን ይያዘው ካላችሁ፣ ለድራመሩ አልሰጥም፤ ሁለቱም እግሮቹ ሥራ ላይ ናቸው። ባስ ተጫዋቹ ይያዘው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ፒያኖ በኪቦርዴ ስጫወት ድምፁ ዘግይቶ ይወጣል።

መልስ፦ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን፣ በሳምፕል የሚቆጠር) ቀንሰው። 44,100 ሄርዝ ላይ 1,024 ሳምፕል ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ 128 ግን 3 አይሞላም። ድምፁ መንጣጣት ከጀመረ 256 ላይ አድርገው። ላፕቶፕ ልቀይር ከማለትህ በፊት ይቺን እያት።

ጥያቄ፦ አንድ ቁልፍ ስነካ ኖታው ሁለት ሆኖ ይሰማኛል።

መልስ፦ ኪቦርድሽ አንዴ በራሱ፣ አንዴ ደግሞ ከሲኩዌንሰሩ በተመለሰለት ኖታ እየጮኸ ነው። ኪቦርዱ ላይ ሎካል ኮንትሮልን (ቁልፎቹን ከኪቦርዱ የራሱ ድምፅ ጋር የሚያገናኘውን) አጥፊው።

ጥያቄ፦ ሳቆመው አንዳንዴ ኖታ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መልስ፦ ኖት ኦፍ (ኖታውን ልቀቅ የሚለው ትእዛዝ) ሳይደርሰው ቀርቶ ነው። የሚዲ ኮንትሮል ቁጥር 123 የተያዙትን ኖታዎች ሁሉ ይለቃል። ሰስቴይን (ኖታውን የሚያቆየው ፔዳል) ተረግጦ ከቀረ ግን እሱ ብቻውን አያድንህም፤ የሱን ኮንትሮል 64ን ወደ 0 መመለስ አለብህ። ሁለቱንም አንድ ፓድ (የሚመታ ቁልፍ) ላይ ጫናቸው።

ጥያቄ፦ ክሊኩ (ምቱን የሚቆጥረው ድምፅ) ለማን ይሂድ?

መልስ፦ ለድራመሩ፣ በተለየ አውትፑት፣ በጆሮ ማዳመጫ። ሰው ከመግባቱ በፊት ክሊኩን ብቻውን አጫውቱና ትልልቆቹ ስፒከሮች ዝም ማለታቸውን አረጋግጡ።