ቮልሱን ተጎታች ላይ ከመጫናችሁ በፊት

ይድረስ አሮጌ ቮልስ ገዝታችሁ ለማደስ ለተነሣችሁ ወጣቶች፤

ከባሕር ዳርም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ገዝታችሁ አዲስ አበባ የምታስገቡትን መኪና፣ በቺንጋ (በጠፍጣፋ የጭነት ማሰሪያ) ጥፍር አድርጎ ማሰር ብቻ የሚያደርሰው እንዳይመስላችሁ። ከቺንጋው በፊት የሚታሰብለት ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ነው።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። መኪናው ሙሉ ሲሆን 800 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚሸከሙት የኋላ ጎማዎች ናቸው። እንደ ሌላው መኪና ፊቱን አስቀድማችሁ ብትጭኑት ክብደቱ ከተጎታቹ አክስል (የጎማ ዘንግ) ኋላ ይቀርና ጋንቾውን፣ ማለትም ተጎታቹ ከጎታቹ መኪና ጋር የሚያያዝበትን መንጠቆ፣ ወደ ላይ ያነሣዋል። እንዲህ የተጫነ ተጎታች በዝግታ ሲሄድ ደህና ይመስላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ነው ግራና ቀኝ መወዛወዝ የሚጀምረው። ያኔ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪም አታወናጭፉ፤ እግራችሁን ከነዳጅ አንሥታችሁ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሞተሩ በቦታው ካለ መኪናውን በኋሊት መጫን ነው። ሞተሩ ከወረደ (ብቻውን 100 ኪሎ ያልፋል) በፊቱ ቢገባም ችግር የለም።

ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህል ይሁን። ተጎታቹ 600፣ መኪናው 800 ኪሎ ከሆነ 140 ኪሎ መሆኑ ነው። በዓይን አይገመትም። ከእህል ነጋዴ ባስኩላ ተዋሱና ደልዳላ መሬት ላይ የተጎታቹን አፍንጫ አሳርፉበት። ከጎደለ መኪናውን ወደፊት ግፉት፤ ከጋንቾ እስከ አክስል 4 ሜትር በሆነ ተጎታች ላይ 20 ሳንቲ ሜትር መግፋት 40 ኪሎ ይጨምራል።

ለማሰር 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ቺንጋዎች ከነራቼታቸው (ከነማጥበቂያቸው) ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱ ወደፊት፣ ሁለቱ ወደኋላ ይሳቡ። ወለሉ ዝገት ለበላው መኪና እኔ የምመርጠው ቺንጋውን ጎማው ላይ ጠምጥሞ ማሰር ነው፤ ሞላው እንደ ልቡ ይሠራል፣ ቺንጋውም ጉድጓድ በመጣ ቁጥር አይላላም። ሌላው አስተማማኝ ቦታ የፊት ጎማዎችን የሚያያይዙት ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ናቸው። የኋላውን አክስል ካሰራችሁ አብሮት የሚሄደውን ቀጭን የፍሬን ቱቦ እንዳትጨፈልቁት። ባምፐርና የመሪ ዘንግ ለማሰሪያ አይሆኑም። 20 ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ወርዳችሁ አጥብቁ፤ አዲስ ቺንጋ መለጠጡ አይቀርም።

ከበሩ ሥር ያለው፣ ሞቃት አየር የሚያልፍበት ሳጥን መሰል ላሜራ ከበሰበሰ መኪናው ወገቡ ተቆርጧል ማለት ነው። ሳትጭኑት በፊት በሁለቱም በር ክፍት ቦታ ላይ የብረት ቱቦ አስበይዱ። ካልሆነ መንገዱ ያጣምመውና ስትደርሱ በሩ አልገጥም ይላል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አውጡት። ነዳጁንም ከታንከሩ ቀድታችሁ አውጡ። በኋሊት ለተጫነ ቮልስ ነፋሱ በሮቹን የመክፈት ዕድል ያገኛል፤ በውስጥ በኩል አንዱን በር ከሌላው ጋር በገመድ እሰሩት፣ የሞተሩንም ኮፈን እንዲሁ። ሸራ አታልብሱት፤ እየተርገበገበ ቀለሙን ይፍቃል።

አሁን ዓባይ በረሃ። ፍሬን የሌለው ተጎታች ይዛችሁ ከደጀን ቁልቁል አትውረዱ። ጎታቹ መኪና ሲቀዘቅዝ በግፊት የሚይዝ ፍሬን ያለው ተጎታችም የራሱ ጣጣ አለው፦ በከባድ ማርሽ ስትወርዱ ተጎታቹ ሳያቋርጥ ስለሚገፋ ፍሬኑ እስከ ወንዙ ድረስ እንደያዘ ይቆያል፣ ይግላል። መሀል ላይ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። እጃችሁን ወደ ጎማው መሀል አስጠጉ እንጂ አትንኩት። ወላፈኑ ከተሰማችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ውኃ ግን አትድፉበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

ደርሳችሁ ስታወርዱም ከጎማዎቹ ሥር ታኮ ሳይገባ አንድም ቺንጋ አይፈታ። የእነዚህ መኪኖች የእጅ ፍሬን ብዙ ጊዜ ከተቆረጠ ቆይቷል።