ተረኛው መሐንዲስና የሥዕል ደብተሩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥገና መሐንዲስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬን አልጠላም። ከልጅነቴ ጀምሮ ግን ሥዕል እሥላለሁ፤ እረፍት ሳገኝም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ መንገድ እገባለሁ። ባለፈው ዓመት አንኮበርን፣ አልዩ አምባን፣ ሸዋ ሮቢትንና ጓሳን አዳርሻለሁ። ባለፈው ወር ጓሳ ላይ ጭላዳ እየሣልኩ ስውል ስልኬ አይሠራም ነበር። በዚያው ቀን የአንድ ሞተር ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ተበልቶ የምርት መስመሩ ግማሽ ቀን ቆመ። ተረኛ አልነበርኩም፤ አለቃዬ ግን ‹‹ወይ መሐንዲስ ሁን፣ ወይ ሠዓሊ›› አለኝ። እናቴም በደወለች ቁጥር ደመወዜን መንገድ በላው ትለኛለች። ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ እጄ እርሳስ መያዝ እንኳ ያቅተዋል፤ ሳልሥል ያለፈ ሳምንት ደግሞ ያስጨንቀኛል። ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ደብተሬን ልክተት?
የጥገና መሐንዲሱ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ልጄ፣ ሥራህን አትልቀቅ፤ ደብተርህንም አትክተት። አሁን ወደ ኩሽኔታው እንሂድ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ኩሽኔታ በአንድ ጀምበር አይበላም። አስቀድሞ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። ያን ጩኸት ከሳምንት በፊት ማን ሰማው? መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር? መለዋወጫው መጋዘን ውስጥ ነበር ወይስ ሰው ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተላከ? ፋብሪካ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ከተንጠለጠለ ጥገናው ራሱ ጥገና ይፈልጋል ማለት ነው፤ የጥገና መሐንዲሱ ደግሞ አንተ ነህ። ስለዚህ ከከተማ ከመውጣትህ በፊት አንድ ገጽ ጻፍ፦ የትኛው ማሽን ድምፁን እንደቀየረ፣ መለዋወጫው የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ ተረኛው ማን እንደሆነ። ለአለቃህ በእጁ ስጠው፤ ቅጂውንም ያዝ። ከዚያ ወዲያ ስልክህ ቢዘጋ የምታሳየው ወረቀት አለህ።

የእጅህን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ በደብረ ሲና በኩል የመንገድ ሥራ ላይ ሳለሁ ማሲንቆ እጫወት ነበር (ደህና ተጫዋች ነበርኩ አልልም፤ ድንኳን የተጋሩኝ ሰዎች ይህን መጽሔት ያነባሉ)። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የማሲንቆው ቆዳ ይረግባል፤ ድምፁም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይታፈናል። ማታ ማታ ከከሰል ምድጃው አንድ ክንድ ያህል አርቄ አስቀምጠውና ቆዳውን በጣቴ ጫፍ መታ መታ እያደረግሁ እስኪወጠር እጠብቃለሁ። ከዚያ የደጋኑን ጭራ ዕጣን አስነክቼ እጀምራለሁ። አንድ ማታ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ስለነበር መጠበቅ አቃተኝ፤ ወደ ፍሙ አስጠጋሁት። ቆዳው ጧ ብሎ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ በሥራ ቀን ቃኝቼው ብቻ እሰቅለዋለሁ፤ የምጫወተው እሑድ ነው።

አንተም ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ ተኛ፤ ያ ሳምንት የሥዕል ሳምንት አይደለም። የቀን ፈረቃ ሲደርስህ ግን በምሳ እረፍት ሩብ ሰዓት ይበቃሃል። ቅባት የነካው የመካኒክ እጅ፣ የተፈታ የማርሽ ሳጥን፣ ብሎን ፍለጋ ያጎነበሰ ጀርባ አጠገብህ አለልህ።

‹‹ልቀቅ›› የሚሉህ ጓደኞችህ አፈወርቅ ተክሌን ሳይጠቅሱልህ አይቀሩም። እውነት ነው፤ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ሥዕልን መርጠው ተመለሱና የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም መስታወት ሠሩልን። ነገር ግን ምህንድስናውን የተዉት ገና ተማሪ ሳሉ፣ መንግሥት እያስተማራቸው ነው። አንተ የቤት ኪራይ ትከፍላለህ።

ስለ ጉዞህ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ‹‹አዳርሻለሁ›› ማለትህ አልጣመኝም። የሚዳረስ የድግስ እንጀራ ነው። በዓመት አራት ቦታ ከምትረግጥ አራቱንም ጊዜ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚገነጠለው መንገድ ወደ ጓሳ ውጣ፤ በክረምት፣ በመስከረም፣ በውርጭ፣ በበልግ። ጭላዳውን የመጣ ሁሉ ፎቶ ያነሣዋል። አንተ ሳሩን ሣል። የመንዝ ሰው ከዚያ ሳር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራል። ድሮ ሳሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና አጨዳ የሚፈቀድበትን ጊዜ ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ይወስኑ ነበር፤ ያ ሥርዓት የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ዛሬም ቦታውን የሚጠብቀው የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። ሽማግሌ አግኝተህ ስለ አጨዳው ብትጠይቅ ከአንድ ደብተር በላይ ሥዕል ይወጣሃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በርኖስ ወይም ወፍራም ካፖርት ያዝ፤ በቀዘቀዘ ጣት መስመር አይሰመርም።

እናትህን በክርክር አትረታትም። ደመወዝ በወጣ ቀን ቁጠባውን አስቀድም፤ መንገዱ ከቀሪው ይሁን፤ የባንክ ደብተሩንም አሳያት።

አንድ ነገር ግን ሳትነግረኝ ቀረህ። ያ ኩሽኔታ የተበላው ቅባት አንሶት ነው ወይስ ቺንጊያው ከልክ በላይ ተወጥሮ? ጻፍልኝ።