ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ዶክመንተሪ ብሠራ እከሰሳለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡራዩ ነው። ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም የሠራሁትን ዶክመንተሪ በዩቲዩብ ቻናሌ ልለቅ ነው። አንድ የሰፈራችን አዛውንት በቀይ ሽብር ጊዜ የደረሰባቸውን ሲተርኩ ወደ ጎረቤታቸው አረንጓዴ የቆርቆሮ በር እየጠቆሙ «ያሳሰረኝ እሱ ነው» ብለው ስም ይጠራሉ። ኮሎኔሉ በሕይወት ስላሉ ያለ ፈቃዳቸው ምስላቸውን ብጠቀም ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ በኮሎኔሉ በኩል ብዙም አይስጉ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየትን ይከለክላል፤ ቁጥር 28 ግን ሰውየው የታወቀ ወይም የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ሲሆን፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተፈጸመ ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። በ1969 አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰብሩ የሚያሳየው ምስል በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ምስሉን የሚወስዱት ከቴሌቪዥን ጣቢያ ከሆነ ግን የቅጂ መብት አለበትና የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ።

ስለ ድርጊታቸው ለሚናገሩትም መከላከያ አለዎት። ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሏቸዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በግንቦት 2000 የዕድሜ ልክ እስራቱን ወደ ሞት ቅጣት ከፍ አድርጎታል። ፍርዱን ራሱን ይጥቀሱ።

እኔን ያሳሰበኝ አረንጓዴው በር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2044 በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲዋረድ ማድረግን ጥፋት ይለዋል፤ ቃሉ ከሌላ ሰው አፍ መውጣቱም ብቻውን እርስዎን ነጻ አያወጣም፣ ያሰራጩት እርስዎ ነዎትና። በቁጥር 2047 እውነት ነው ብለው መከላከል ይችላሉ፤ የማስረዳቱ ሸክም ግን የእርስዎ ነው። ጎረቤትየው ተከሰው ተፈርዶባቸው ከሆነ የውሳኔውን ግልባጭ ያውጡ። ካልሆነ በእጅዎ ያለው ይህን ያህል ዘመን ያለፈበት የአንድ ምስክር ቃል ብቻ ነው። አዛውንቱን አላምንም ማለቴ አይደለም፤ በበኩሌ አምናቸዋለሁ፣ ችሎት ላይ ግን የእኔ እምነት አይቆጠርም።

አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔር እንጂ በወንጀል እንዳያስጠይቅ አድርጓል። ያልተመዘገበ የግል ቻናል ይዘው በዚህ እንዲተማመኑ ግን አልመክርም፤ ስም ማጥፋትን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 አለና።

የአዛውንቱን ታሪክ ከፊልሙ እንዳያወጡት፤ ስንት ዓመት ዝም ብለው ኖረው ነው የተናገሩት። ስሙን ይቁረጡ፣ በሩንም ያደብዝዙ። ስሙ ብቻ ቢቆረጥ የቡራዩ ሰው በሩን አይቶ ያውቃቸዋል። ስሙ በፊልሙ መኖር አለበት ካሉ ደግሞ ወደ ጎረቤትየው ሄደው መልሳቸውን ይቅረጹ፣ አልናገርም ካሉም ይህንኑ ይግለጹ። ይህም ቢሆን ማስረጃን አይተካም።

አዛውንቱም ራሳቸው ሊከሰሱ ይችላሉ። ከመልቀቅዎ በፊት ያለቀውን ቅጂ አሳይዋቸው፤ ይህን ተረድተው በፊርማቸው ካልተስማሙ ቃላቸውን አይልቀቁ።