ጠረጴዛ ላይ የሚመታ ተኳሽ ተዳፋት ላይ ለምን ይስታል?

ከአዘዞ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ ከአንድ ባለ ፈቃድ ፕሮፌሽናል አዳኝ ጋር በረዳትነት መሥራት ጀምሬያለሁ። በተኩስ ሜዳ ላይ ጥሩ ነኝ። ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ፣ በአሸዋ ከረጢት አስደግፌ፣ በ100 ሜትር ሦስት ጥይት የቡና ሲኒ በምታህል ቦታ አስገባለሁ። ባለፈው ደቡብ ወርደን ግን በፈቃዴ ላይ የነበረ ከርከሮ በ120 ሜትር ሳትኩ። ተዳፋት ላይ ተንበርክኬ ነበር። አነጣጥሬ ስጠብቅ ትንሽ ወደ ግራ ተራመደና ቆመ። ተኮስኩ። አቧራው ከቀኙ ተነሣ። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ተበላሽቶ ይሆን? ልቀይረው? ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ መነጽሩን ገና አትንካው። መጀመሪያ ወደዚያው ጠረጴዛ ተመለስና ሦስት ጥይት ተኩስ። ጠመንጃ ሁለት ቀን ሙሉ በመኪና ሲንገጫገጭ የመነጽሩ ብሎን ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ይህን ማጣራት ተገቢ ነው። ቀዳዳዎቹ እንደ ድሮው ሲኒዋን ካልለቀቁ ግን ጠመንጃው ነጻ ነው። እኔም የምጠረጥረው እሱን አይደለም። ከርከሮው ወደ ግራ መራመዱንና አቧራው ከቀኝ መነሣቱን ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ስትንበረከክ ሰውነትህ በራሱ የሚያይበት አንድ አቅጣጫ አለ። ጡንቻህን ሳታስጨንቅ ጠመንጃው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እንስሳው ሲራመድ ጉልበትህንና እግርህን አላንቀሳቀስክም። በክንድህ ብቻ ጠመንጃውን ወደ ግራ ገፋኸው። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ከርከሮው ላይ አረፈ፣ አንተም ደስ አለህ። ምላጩን ስትስብ ግን ክንድህ ለቅጽበት ላላ። ሰውነትህ ወደ ቀድሞው አቅጣጫው ተመለሰ። ጥይቱም አብሮት ወደ ቀኝ ሄደ።

ምን ያህል ቢላላ ነው እንዲህ የሚያደርገው ካልከኝ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ጠመንጃህ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሰደፉ ባለበት ቆሞ አፈሙዙ 1 ሚሊ ሜትር ቢዞር፣ 100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 3 ሚሊ ሜትር ከዞረ 30 ሳንቲ ሜትር ሳትክ ማለት ነው። ጠረጴዛው ይህን ሁሉ ይሸፍንልሃል። አሸዋው ጠመንጃውን ይይዛል፣ አንተ ምላጭ መሳብ ብቻ ነው የሚቀርህ። እስካሁን የሠለጠንከው ለጠረጴዛው ነው፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ጠረጴዛ የለም።

መፍትሔው ዓይንን መጨፈን ነው። ቦታህን ያዝ፣ አነጣጥር፣ ከዚያ ዓይንህን ጨፍን። ሁለት ጊዜ ተንፍስ፣ ትከሻህን አላላ። ዓይንህን ስትከፍት መስቀሉ የት አለ? ወደ ቀኝ ሄዶ ካገኘኸው በክንድህ አትመልሰው። ከታች ጀምር። ተንበርክከህ ከሆነ የፊት እግርህን በጥቂቱ አዙር፤ ተቀምጠህ ከሆነ መቀመጫህን። እንደገና ጨፍን፣ እንደገና ክፈት። ሲለመድ ይህ ሁሉ ሦስት አራት ሴኮንድ ነው የሚወስደው። እንስሳው ከተራመደ ከነእግርህ ተከተለው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስድ ከሆነ ይህችን ውሰድ።

አሁን ስለ መንበርከኩ ራሱ። ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ነህ ብዬ ልያዝ። ቀኝ ጉልበትህ መሬት ላይ ነው፣ በቀኝ ተረከዝህ ላይ ትቀመጣለህ፣ ግራ እግርህ ወደፊት። ብዙ ሰው እዚህ የሚሳሳተው የግራ ክርኑን ነው። የክርኑን አጥንት የጉልበቱ አጥንት ላይ ያሳርፋል። አጥንት በአጥንት ላይ ይንሸራተታል። ክርንህን ትንሽ ወደፊት አሳልፈውና ከክርንህ ከፍ ያለው ሥጋማው ክፍል በጉልበትህ ላይ ይረፍ። ያን ጊዜ ይቆልፋል። የቀኝ ክርንህ ግን አሁንም አየር ላይ ነው፣ ድጋፍ የለውም። በዚህ ምክንያት መንበርከክ ወደ ላይና ወደ ታች የሚደረገውን እንቅስቃሴ ይይዛል እንጂ የጎኑን እምብዛም አይዝም። ቁልቁል ተዳፋት ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ክብደትህ ወደፊት ይጎትትሃል።

ስለዚህ ተዳፋት ላይ ተቀመጥ። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። የእኛ አገር መሬት የተሠራው ለመቀመጥ ነው እላለሁ። ከእንስሳው ትንሽ ወደ ቀኝ ዞረህ ተቀመጥ። ሁለቱንም ተረከዝህን አፈር ውስጥ ትከል። ሁለቱንም ክርንህን ከጉልበቶችህ ወደ ውስጥ አስገባ። አሁን ግራም ቀኝም ድጋፍ አለህ። ቦርሳህን ሆድህና ጭንህ መካከል ብታስገባው ደግሞ ወደፊት ተደግፈህ ማረፍ ትችላለህ። ጋቢ ከያዝክ ጠቅልለህ ከቀኝ ብብትህ ሥር አድርገው። ለውጡን ወዲያው ታየዋለህ።

በደረት መተኛት ከሁሉም የጸና ነው፣ ግን ሣር ካለ ምንም አያሳይህም። ካሳየህ ተኛ፣ ቦርሳህን ከጠመንጃው ሥር አድርግ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ዛፍ ወይም ድንጋይ ካገኘህ ተደገፍ። ነገር ግን ብረቱን፣ ማለትም የጠመንጃውን በርሜል፣ ዛፉ ላይ እንዳታሳርፍ። በርሜል ሲተኮስ ይንቀጠቀጣል። ጠንካራ ነገር ከነካው ጥይቱ ሌላ ቦታ ያርፋል። ዛፉን የሚነካው እጅህ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ይሁን፤ የጠመንጃው እንጨት በዚያ ላይ ይረፍ።

ሳትደገፍ ቆሞ መተኮስን ከአማራጭህ አውጣው። ቆመህ መተኮስ ግዴታ ከሆነ ሁለት ዱላ ያስፈልግሃል። ለዚህ የጎንደር ልጅ ማንም ሊያስተምረው አይገባም፤ ዱላ ይዞ ነው ያደገው። ውጭ አገር የሚሸጠውን መደገፊያ መግዛት አያስፈልግህም። ትከሻህ የሚደርሱ ሁለት ሽመሎች ፈልግ። ወይራ ይከብዳል፣ ቀኑን ሙሉ ስትሸከመው ያደክምሃል። ከጫፋቸው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብለህ በካላማዳሪያ ቁራጭ ጠበቅ አድርገህ እሰራቸው። እግራቸውን ስትከፍት ከላይ ጠመንጃ የሚያርፍበት ሹካ ይሠራሉ። እግራቸው ከአንተ ራቅ ይበል፤ ክብደትህን በትንሹ ስጣቸው። ስትቀመጥም እግራቸውን ሰፋ አድርገህ ዝቅ ልታደርጋቸው ትችላለህ። ሦስተኛ ዱላ ካለህ ከቀኝ ክርንህ ሥር አቁመው። እኔ በሦስት ዱላ ከተደገፍኩ ከመቀመጥ እኩል አስተማምናለሁ።

ስለ ተዳፋቱ ራሱ የሚነገር ነገርም አለ። ወደ ላይም ተኮስክ ወደ ታች፣ ጥይቱ ከጠበቅከው ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው። መሬት ጥይቱን የምትስበው በአግድም ርቀቱ ልክ ነው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት 200 ሜትር የሚርቅ እንስሳ በአግድም 173 ሜትር ብቻ ነው፤ ለ173 አነጣጥር። በአንተ 120 ሜትር ግን ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም። ጥይትህም የሳተው ወደ ጎን ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ተዳፋቱ ላይ አትለጥፍ።

ትንፋሽህን ግን አስብበት። አቀበት ወጥተህ ልብህ እየመታ አትተኩስ። ካልቸኮልክ አየሩን ቀስ ብለህ አውጣ፤ ከመተንፈስህ በኋላ ባለችው ጸጥታ ውስጥ ምላጩን ጫን። ስድስት ሰባት ሴኮንድ አልፎህ ካልተኮስክ ተወው። ዓይንህ መደብዘዝ ይጀምራል፣ እጅህም ይንቀጠቀጣል። ተንፍስና እንደ አዲስ ጀምር። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አቀበት እየወጣህ የምትለማመድ ከሆነ ቆላ ስትወርድ ይቀልሃል።

እንዴት ትለማመድ? አብዛኛው ልምምድ ጥይት አይፈልግም። ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ጥይቱ በሙሉ ሌላ ክፍል ይቆለፍበት። ጠመንጃውን ክፈት፣ በዓይንህ እይ፣ ጣትህን አስገብተህ ዳስስ፣ ከዚያ እንደገና እይ። የምታነጣጥርበት ግድግዳ ጥይት የማያሳልፍ ድንጋይ ይሁን፤ ከጀርባው ሰው የሚኖርበት ጭቃ ቤት አይሁን። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ በሩ ይዘጋ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ስንት ቤት እንዳጠፋ አንተም እኔም እናውቃለን።

ከዚያ ትንሽ ነጥብ ግድግዳው ላይ ለጥፍ። ጠመንጃውን ትከሻህ ላይ አንግተህ ቁም። «አሁን» በልና ወደ መቀመጥ ውረድ፣ ዓይን መጨፈኑን ሥራ፣ ተንፍስ፣ ምላጩን ሳብ። ተነሥ። ድጋሚ። አሥር ጊዜ መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ መንበርከክ፣ አሥር ጊዜ ከዱላ ጋር። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሁለተኛ ሰው ካለ የአንድ ብር ሳንቲም በርሜሉ ላይ ያስቀምጥልህ። ምላጩ ሲላቀቅ ሳንቲሙ ካልወደቀ ጣትህ ትክክል ነው። መስቀሉ ምላጩ ከተላቀቀ በኋላም ነጥቡ ላይ እስኪቆይ ድረስ ጠመንጃውን አታውርድ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጠመንጃህ ትንሿ 22 ካሊበር ከሆነች በባዶው አትሳባት፤ መቺዋ የጥይት ቤቱን ጠርዝ ይጎዳል። ባዶ ቀለህ አስገባባት።

ወደ ተፈቀደው የተኩስ ሜዳ ስትሄድ ጠረጴዛውን ለማስተካከያ ብቻ ተጠቀምበት። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ካርቶን ቁረጥ። የከርከሮ ልብና ሳንባ ከዚህ ሰፋ ይላል፤ ትርፉ ለስሜትህ መናወጥ ነው። በ50 ሜትር ጀምር። በእያንዳንዱ አኳኋን አንድ ጥይት ብቻ ተኩስና ተነሥተህ ሂድ፣ ተመለስ። አምስት ጥይት በተከታታይ የሚተኩስ ሰው አራቱን የሚመታው የመጀመሪያው ስላስተማረው ነው። አደን ላይ ያለህ የመጀመሪያው ብቻ ነው። እንዲህ አሥር ጊዜ ተኩሰህ አሥሩም ካርቶኑ ውስጥ ሲገቡ ወደ 75 ሜትር እለፍ፣ ከዚያ ወደ 100። አንዷ ስትወጣ እዚያው አቁም።

ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፍ። የእኔ ደብተር ተቀምጬ በዱላ 200 ሜትር፣ ተንበርክኬ ያለ ድጋፍ 80 ሜትር ይላል። ቆሜ ያለ ድጋፍ 40 ነው። ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ቆይቼ ነው ይህ። በወጣትነቴ ይህን ደብተር ሳልይዝ አንድ ድኩላ በ150 ሜትር ተንበርክኬ ሆዱን መታሁት። ደሙን ተከትለን እስኪመሽ ሄድን። ማግሥቱን ጅብ ቀድሞን አገኘነው። በእኛ አገር ግዳይ ጥሎ የመጣ ይፎከርለታል። ቁስለኛ ጥሎ ለመጣ ግን ፉከራ የለውም፤ ያች ሌሊት ዛሬም አትለቀኝም።

ከከተማ ውጭ ባለ ኮረብታ ላይ ወጥተህ እንዳትለማመድ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ፈቃድህን ልታጣ ትችላለህ። ከዚያም በላይ፣ ሰው በአሁኑ ጊዜ ተኩስ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ታውቃለህ። ወደ ስሜን ተራሮችም ጠመንጃ ይዘህ አትሂድ። ፓርክ ነው፣ ዋልያም አይታደንም። የአደን ሥራህ በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ለአደን በተከለለ ቀበሌ ውስጥ ብቻ ይሁን።

የሚቀጥለው ጉዞህ መቼ እንደሆነ አልነገርከኝም። ስድስት ሳምንት ካለህ በቂ ነው። አደን ቀበሌው ስትደርስ፣ ካምፕ ከገባህ በኋላ፣ የሚመራህን ባለሙያ አስፈቅደህ አንድ ጥይት ለሙከራ ተኩስ። ጠረጴዛ አትፈልግ። መሬት ላይ ተቀመጥ፣ ዱላህን ትከል፣ ዓይንህን ጨፍን።