የሞንድሪያን ስዕል ለምን አላማረብኝም?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች። አራት ኪሎ ኮንዶሚንየም ነው የምኖረው፣ ከሶፋው በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ሆኖብኝ ፒያሳ አንድ ፍሬም ቤት ሄጄ የሆላንዳዊውን ሰዓሊ የሞንድሪያንን ስዕል፣ ያንን ትልቅ ቀይ፣ ከስር ሰማያዊና ቢጫ ያለበትን በስልኬ አሳየኋቸው። «70 በ100 የተዘጋጀ ፍሬም አለን፣ በሱ እንሰራልሻለን» አሉኝ፣ ሰሩልኝም፣ ግን ቤት ሰቅዬ ሳየው ደስ አላለኝም፣ ምኑ እንደሆነ ግን አልገባኝም። እህቴ ደግሞ «ለኮፒ ብር ይወጣል እንዴ?» እያለች ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይንሽ አልተሳሳተም። ያ እ.ኤ.አ በ1930 የተሳለው ስራ ከሆነ ኦሪጅናሉ 46 በ46 ሳንቲ ነው፣ ካሬ ማለት ነው፣ ስለዚህ 70 በ100 ውስጥ ለማስገባት ወይ ለጥጠውታል ወይ ቆርጠውታል። የሰርግ ፎቶሽን እንደዛ ቢለጥጡት ፊትሽ ሰፍቶ ወዲያው ትመልሺው ነበር፣ አብስትራክት፣ ማለትም ቅርፅና ቀለም ብቻ ያለበት ስዕል፣ ሲሆን ግን ማን ያውቃል ተብሎ ይታለፋል፣ በጣም የሚያናድደኝም ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የሞንድሪያን ስራ ልኬት ነው፣ ቀዩ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ፣ መስመሩ የት ላይ እንዳረፈ። ጥቁሮቹ መስመሮች ራሱ ውፍረታቸው እኩል አይደለም፣ አስቦበት ነው።

መልሰሽ ውሰጂላቸውና በካሬ ይታተምልኝ በያቸው፣ 70 በ70 ይበቃል፣ ፍሬሙም በሱ ልክ ይቆረጥ። ሶፋው ረጅም ነው ብለሽ አትጨነቂ፣ ግራና ቀኙ ባዶ ቢሆን ምንም አይልም። ፋይሉን ግን ከስልክሽ ስክሪንሾት እንዳያወጡት፣ ለ70 ሳንቲ ቢያንስ ወደ 4000 ፒክስል ያስፈልጋል፣ ካልሆነ የመስመሩ ጠርዝ ይደበዝዛል። ከመስኮቱ ፊት ለፊትም አትስቀይው፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀለም ይበላል።

ለኮፒ ብር ማውጣት አያሳፍርም፣ ኦሪጅናሉን እኔም አንቺም አንገዛውም። የእህትሽ ነገር ግን ትንሽ እውነት አለበት፣ ፕሪንት ላይ የቀለሙ ውፍረትና የብሩሹ መንገድ አይታይም። አንድ ቀን ክፍት መሆኑን ጠይቃችሁ ሁለታችሁም በእግራችሁ ወደ ስድስት ኪሎ ውጡና የሰዓሊውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ማዕከል ግቡ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ አብስትራክትን እዚህ ካስለመዱን ሰዎች አንዱ ነው፣ ስራዎቹን ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው።