ጫጉላ በደሴት ላይ፦ ቀኑን በምን እንሙላው? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሙሽሮች የደሴት ጉዞ ማዘጋጀት ሥራዬ ነው። ዛሬ ስለ ጫጉላ ሽርሽር የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ሆቴል ምርጫ ላይ ብዙ አልቆይም፣ እሱን የሚነግራችሁ ሞልቷል። እኔን የሚያሳስበኝ እዛ ከደረሳችሁ በኋላ አብራችሁ ምን ትሠራላችሁ የሚለው ነው። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለ7 ቀን ነው የምንሄደው። እጮኛዬ ለእያንዳንዱ ቀን የጠዋትና የከሰዓት ፕሮግራም አውጥቷል። ዳይቪንግ፣ ጀልባ፣ ጫካ፣ ማሳጅ፣ ያልገባ ነገር የለም። አይበዛም?

በጣም ይበዛል እንጂ። ከሠርግ የወጣ ሰው እኮ ደክሞታል። ስንት ሳምንት ሙሉ ስትሯሯጡ ከርማችሁ፣ እንግዳ ስትቀበሉና ስትሸኙ አምሽታችሁ፣ በላዩ ላይ ረጅም በረራ ተጨምሮበት ነው የምትደርሱት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባዶ ተዉአቸው። ተኙ፣ ብሉ፣ ውሃ ውስጥ ግቡ፣ ተመልሳችሁ ተኙ። ከዛ በኋላ በቀን ከአንድ ትልቅ ነገር አትለፉ። እኔማ በየሁለት ቀኑ ቢሆን ነው የምመርጠው።

አንድ ነገር ሞክሩ። እያንዳንዳችሁ "ይሄ ከቀረብኝ ይቆጨኛል" የምትሉትን አንድ ነገር ብቻ ለየብቻችሁ ጻፉና ተለዋወጡ። እነዛን ሁለቱን አሁኑኑ አስይዙ። የቀረውን እዛ ደርሳችሁ፣ ባሕሩን አይታችሁ፣ የሰፈሩን ሰው ጠይቃችሁ ወስኑ። ደሴት ላይ ፕሮግራም የሚያወጣው ነፋሱና ውሃው ነው። እጮኛሽ ያወጣውን ዝርዝር አትጣዪው፤ ከውስጡ የሚመረጥበት ይሁን።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ዛንዚባር ሄዳ "ባሕሩ ጠፍቶ ነበር" አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?

እውነቷን ነው። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። የዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ እነ ፓጄና ጃምቢያኒ ያሉበት፣ በጣም ዝርግ ስለሆነ ውሃው ሲሸሽ ብዙ መቶ ሜትር ይርቃል። ጠዋት ስትነሱ ዓይናችሁ እስኪደክም አሸዋ ብቻ ታያላችሁ። ይህን ያላወቀ ሙሽራ ይከፋዋል፣ ተታለልኩ ይላል። ያወቀው ግን ይደሰትበታል፤ ምክንያቱም ያ ሰዓት ሴቶቹ የባሕር አረም እርሻቸው ላይ የሚሠሩበት፣ በኩሬዎቹ ውስጥ ኮከብ ዓሣ የሚታይበት፣ ሁለታችሁ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ወደ ባሕሩ መሃል በእግር የምትጓዙበት ነው። ባሕር ጃርት የሚባል እሾሃማ ፍጥረት ስላለ ጫማ አድርጉ። ውሃው መመለስ ሲጀምር ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ዳር ውጡ።

ከጠዋት እስከ ማታ መዋኘት ለሚፈልግ በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻላሉ፣ እዛ ውሃው ብዙም አይርቅም። የትም ደሴት ብትሄዱ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት የባሕሩን የመሙያና የመሸሻ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ እዩ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና ፈጽማ በማትታይበት ሰሞን ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

በነገራችን ላይ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪ ባለጀልባ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ፀሐይ ከወጣችበት ጀምሮ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይናገራል። ቀጠሮ ስትይዙ "ጠዋት ነው ከሰዓት?" ብላችሁ አጣሩ። በዚህ የተነሳ ጀልባ ያመለጣቸው አሉ።

ጥያቄ፦ ሠርጋችን ሐምሌ ነው። የት እንሂድ? የት እንዳንሄድ?

ሐምሌ ለዛንዚባርና ለባሊ ደረቅ ወቅት ነው፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሞሪሺየስ ያኔ ክረምቷ ስለሆነ ቀዝቀዝና ነፋሻ ትላለች። ሲሸልስ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ስለሚበረታ አንዳንዱ ባሕር ዳርቻ ሞገድ ይበዛበታል፣ በተቃራኒው በኩል ያለውን መምረጥ ነው። ማልዲቭስ የዝናቡ ጊዜ ነው፤ ግን ባሕሩ በፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ ላይ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት የሚሞላውም ያኔ ስለሆነ ማንታ ሬይ የሚባለውን ክንፍ ያለው የሚመስል ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ለማየት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ባኣ አቶል በሚባለው የማልዲቭስ የደሴቶች ስብስብ ውስጥ ሃኒፋሩ የምትባል ትንሽ የባሕር ወሽመጥ አለች። ማንታዎቹ እዛ ተሰብስበው ሲመገቡ ታያላችሁ። ዳይቪንግ የተከለከለ ነው፣ በማስክ ብቻ ከላይ ሆናችሁ ነው የምታዩት። ይሄ ለጀማሪም ይመቻል።

የካሪቢያን ደሴቶች ከሰኔ እስከ ኅዳር የሃሪኬን ወቅት ስለሆነ በዛ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ኢንሹራንሱ ይህን እንደሚሸፍን አረጋግጡ። ዛንዚባርን ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ተዉት፣ ትልቁ ዝናብ ያኔ ነው። ባሊ ደግሞ ኔፒ የሚባል የጸጥታ ቀን አለ፣ ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ መጋቢት። ኤርፖርቱ ሳይቀር ለ24 ሰዓት ይዘጋል፣ ከሆቴል ግቢ መውጣትም አይቻልም። በረራችሁ በዛ ቀን እንዳይውል።

ጥያቄ፦ እሷ ዋና አትችልም፣ ውሃም ትፈራለች። ደሴት መምረጣችን ስህተት ነው?

ኧረ በጭራሽ። ግን አንተ ውሃ ውስጥ ስትጫወት እሷ ዳር ሆና ዕቃ የምትጠብቅ እንዳትሆን። ይህን ብዙ ጊዜ አያለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል። ጫጉላው የሁለታችሁ ነው።

ላይፍ ጃኬት አድርጋ፣ ወገቧ ድረስ በሚደርስ የረጋ ውሃ ውስጥ ማስክ ለብሳ ፊቷን ብቻ ታስገባ። ቆማ ነው እንግዲህ። እጇን ያዝ። ዓሣዎቹን አንዴ ካየች ፍርሃቷ ብዙ ጊዜ በራሱ ይቀላል። ካልቀለላት ደግሞ አትጎትጉታት። ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ አለ፣ ኮራሉን፣ ያን ድንጋይ የሚመስለውን ሕይወት ያለው የባሕር ነገር፣ ሳትረጥብ ቁጭ ብላ ታየዋለች። በየብስ ያለውም ቀላል አይደለም። ሲሸልስ ላ ዲግ ደሴት ላይ ሰው የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በብስክሌት ነው፣ ደሴቷ ትንሽ ስለሆነች በአንድ ቀን ትዳረሳለች። ፕራስሊን በምትባለው ሌላዋ የሲሸልስ ደሴት ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባል የዘንባባ ጫካ አለ፣ ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ። የዓለማችን ትልቁ ዘር ኮኮ ደ ሜር የሚበቅለው እዛ ነው። ዛንዚባር ከሆናችሁ ደግሞ ጆዛኒ ጫካ ውስጥ ቀይ ኮሎበስ ጦጣዎች ከራሳችሁ በላይ ሲዘሉ ታያላችሁ፤ የቅርንፉድና የቫኒላ እርሻዎቹም ግማሽ ቀን ይሞላሉ።

ጥያቄ፦ ባሕሩ ማታ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራበት ቪዲዮ አየሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ውሃው ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ሲነኩ ያበራሉ። ማልዲቭስ ውስጥ በተለያዩ ደሴቶች ይታያል፣ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ደግሞ ቪዬከስ ደሴት ላይ ያለው ሞስኪቶ ቤይ በዚህ የታወቀ ነው። ግን ቪዲዮው ላይ ያለው ድምቀት ብዙ ጊዜ የካሜራ ሥራ ነው፣ በዓይን ስታዩት ደብዘዝ ይላል። ማልዲቭስ ያለው ደግሞ ቀጠሮ የለውም፣ አንድ ማታ ይመጣል፣ በማግሥቱ ይጠፋል። ለዚህ ብላችሁ ብቻ አትሂዱ።

ዕድላችሁን ማስፋት ከፈለጋችሁ ጨረቃ የማትወጣበትን ሰሞን ምረጡ። ባሕሩ ባያበራ እንኳ ኮከቡ አይቀርም። ከሪዞርቱ መብራት ራቅ ብላችሁ አሸዋ ላይ ጋደም በሉ፣ ፍኖተ ሐሊብን ከዳር እስከ ዳር ታዩታላችሁ። ለዚህ የሚከፈል ነገር የለም፣ እኔ ግን ከብዙ የተከፈለበት ጉዞ አስበልጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዳይቪንግ ተምረን አናውቅም። በጫጉላችን መሞከር እንችላለን?

ትችላላችሁ። ከአስተማሪ ጋር የሚደረግ የአንድ ቀን ሙከራ አለ፣ ከ12 ሜትር በላይ አያስወርዱም። መጀመሪያ የጤና ቅጽ ትሞላላችሁ፣ እውነቱን ጻፉ። አስም፣ የልብ ችግር ወይም የጆሮ ሕመም ካለ ሐኪም ሳያይ አይሆንም። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ፈጽሞ አይሞከርም።

ትልቁ ማስጠንቀቂያዬ ይሄ ነው፦ ከዳይቪንግ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን አይሳፈሩም። አንዴ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። እኔ ለሁሉም ሙሉ ቀን እላለሁ። ሰውነት ውስጥ የገባው ናይትሮጂን ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ከፍታ ላይ ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ይሠራና ከባድ ጉዳት ያደርሳል። በትንንሽ አውሮፕላን ከደሴት ደሴት መሄድም ያው በረራ ነው። ስለዚህ ዳይቪንጉን መሃል ላይ አድርጉት፣ መጨረሻ ቀን ላይ አይሁን።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ሰርፕራይዝ ማድረግ እፈልጋለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕር ዳር እራት አሰብኩ። የተለመደ ነው?

የተለመደ ነው፣ ግን ደስ ይላል። ሰዓቱን ብቻ እወቅበት። ምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከዛ በኋላ ወዲያው ይጨልማል። 1 ሰዓት ላይ ጠረጴዛ የያዘ ሰው ፀሐይዋን አያገኛትም። ደግሞ ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ዳርቻ ምረጥ።

ከራቱ ይልቅ እኔ የምወደው ግን የንጋቱን ነው። ዳቦና ፍራፍሬ አስቋጥረህ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሳትና ምሥራቅ በኩል ውሰዳት። ባሕር ዳሩ ላይ ሰው የለም፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ሲመለስ ታያላችሁ። እንቅልፍ የምትወድ ከሆነች ግን ተወው፣ ለእሷ ነው እንጂ ለአንተ አይደለም።

ጥያቄ፦ ማልዲቭስ ሪዞርት በጣም ውድ ሆነብን። ሰው የሚኖርበት ደሴት ላይ ማረፍ ይቻላል?

ይቻላል፣ እንግዳ ማረፊያዎች አሉ። ሀገሩ ሙስሊም ስለሆነ እዛ አልኮል የለም፤ የዋና ልብስ የሚፈቀደው ለቱሪስት በተከለለው ዳርቻ ብቻ ነው፣ መንደር ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። ይህን ካከበራችሁ በደንብ ይቀበሏችኋል። አንድ ቀን ወደ ሪዞርት ደርሶ መልስ ገብታችሁ መዋልም ትችላላችሁ፣ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ።

ጥያቄ፦ የባሕር ኤሊ እንቁላል ስትጥል ማየት እንፈልጋለን። ምን እናድርግ?

ከአካባቢው ጠባቂ ጋር ብቻ ሂዱ። ባትሪ አታብሩ፣ የካሜራ ፍላሽ አጥፉ። ኤሊዋ ብርሃን ካየች ሳትጥል ልትመለስ ትችላለች፤ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ደግሞ ወደ ባሕሩ የሚሄዱት ደመቅ ወዳለው አድማስ እያዩ ስለሆነ በእናንተ ስልክ መንገድ ይስታሉ። አትንኳቸው፣ አንስታችሁም ውሃ ውስጥ አትክተቷቸው። ኮራል ላይም አትቁሙ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይሄ ለእኔ ለድርድር አይቀርብም።

ጥያቄ፦ ሻንጣ ውስጥ ምን አይረሳ?

ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ቲሸርት። ማስክ አድርጎ ሲንሳፈፍ የሰው ጀርባ ነው የሚቃጠለው፣ ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ አይታወቅም፣ ማታ ላይ ሁለታችሁም መነካካት አትችሉም። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። የፀሐይ ክሬም ስትገዙ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉት ኬሚካሎች የሌሉበትን እዩ፤ እነሱ ያሉበትን ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች፣ ኮራል ይጎዳሉ ተብሎ ነው። የጀልባ ማቅለሽለሽ የሚይዘው ሰው ኪኒኑን ከመሳፈሩ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ይዋጥ፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ስልካችሁን ደግሞ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ውስጥ ክተቱት።